የሰባተኛው ቱቦ ቁጥር

ከዘመሮ ወጣ ብሎ፣ ደጋው አልቆ ወደ ቆላ የሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ባለች አንዲት ደብር አጠገብ ስምንት ወር ያህል ኖሬአለሁ። የሄድኩት መሬቱን ልለካ ነበር። ከደብሯ በታች ያለው ተዳፋት ክረምት በገባ ቁጥር ይንሸራተታል። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ክፉኛ ተንዶ የድሮውን የቁልቁለት መንገድ እንዳለ ውጦታል። መሥሪያ ቤታችን አፈሩ ምን ያህል ውሃ ሲጠጣ እንደሚንድ ማወቅ ፈለገ። ከእኔ በፊት የመጡ ሠራተኞች ክረምቱ ሊወጣ ሲል አሥራ ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ጭቃው ውስጥ ቀብረው፣ አፋቸውን በክዳን ዘግተው ሄደዋል። የእኔ ሥራ በየሁለት ቀኑ እየዞርኩ በየቱቦው መሣሪያውን ማውረድና ቁጥሩን መጻፍ ነበር።

መሣሪያው በገመድ ጫፍ የተንጠለጠለ፣ ክንድ የማያህል ዘንግ ነው። ውስጡ ያለው ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ነገር ፈጣን ኒውትሮኖችን ሳያቋርጥ ይረጫል። ኒውትሮኖቹ የቱቦውን ግድግዳ አልፈው አፈር ውስጥ ይገቡና ከአቶሞች አስኳል ጋር ይጋጫሉ። የተጋጩት ከከባድ አስኳል ጋር ከሆነ ፍጥነታቸው ብዙም ሳይጎድል ይነጥራሉ። ከሃይድሮጅን አስኳል ጋር ሲጋጩ ግን፣ እሱ በክብደት እኩያቸው ስለሆነ፣ ፍጥነታቸውን ይቀማቸዋል። ደክመውና ቀርፈፍ ብለው የሚመለሱትን ዘንጉ ይቆጥራል። ብዙ ደካማ ከተመለሰ እዚያ ብዙ ሃይድሮጅን አለ ማለት ነው። አፈር ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን ማለት አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው።

ያረፍኩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቀጥሎ ካለ የድንጋይ ቤት፣ ስድሳውን ካለፉ አንዲት ሴት ዘንድ ነው። አንዲት ልጃቸው ዘመሮ አግብታ ስለሄደች ብቻቸውን ነበሩ። እማማ እላቸው ነበር። ብዙ አይናገሩም፤ የጀመሩትን ጥያቄ ግን እስኪገባቸው አይለቁም። በመጣሁ በሳምንቱ ሰፌድ ላይ አተር እየለቀሙ፣

«እስቲ ንገሪኝ» አሉኝ። «ያን ብረት እታች አውርደሽ ምን ይልሻል?»

ከሰፌዱ አንድ አተር አንስቼ ወፍጮው ድንጋይ ላይ ወረወርኩት። ነጥሮ ግድግዳው ሥር ገባ። ቀጥዬ ሁለት አተር ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና አንዱን በጣቴ አስፈንጥሬ ሌላውን መታሁት። መቺው ባለበት ቀጥ አለ፣ የተመታው ተንከባሎ ሄደ።

«አዩ እማማ? ድንጋዩን ሲመታ ጉልበቱን እንደያዘ ተመለሰ። እኩያውን ሲመታ ግን ጉልበቱን አስረክቦ ቀረ። መሣሪያዬ እንዲህ ያለች በጣም ትንሽ አተር አፈር ውስጥ ይበትናል። ስንቷ ደክማ እንደተመለሰች ቆጥሬ እታች ውሃ መኖሩን አውቃለሁ።»

ወለሉ ላይ የቀረውን አተር አንስተው በጣታቸው አገላበጡት።

«እታች ደጅ እያንኳኳች ትዞራለች በይኛ።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«እዚያ ተዳፋት ላይ ግን ብዙ አትቆዪ» አሉ፣ ለቀማቸውን ቀጥለው።

«ለምን?»

«እንጃ። እኔም ውሃ ልቀዳ ሳልፍበት ልቤ ቅር ይለዋል።»

በጥቅምት ሁሉም ቱቦ ከላይ እስከ ታች እርጥብ ነበር። አንዱ ከሌላው የሚለይበት ነገር አልነበረውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ፣ ገብሱ ታጭዶ ሲከመር፣ ቁጥሮቹ ቀስ በቀስ እየወረዱ መጡ። ጥር ሲገባ አሥራ አንዱ ደረቁ። ሰባተኛው ቱቦ ግን አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ስደርስ ከጥቅምት ጀምሮ የሰጠኝን ቁጥር ይሰጠኛል። ትንሽ ከፍ ባደርገው ደረቅ ነው። ትንሽ ዝቅ ባደርገውም ደረቅ ነው። መካከሉ ላይ ብቻ፣ የአንድ ጥሩ ትራስ ውፍረት ያህል፣ የሆነ ነገር ኒውትሮኖቼን እየተቀበለ ያደክማቸዋል።

መጀመሪያ ቱቦው ውሃ ቋጥሮ መስሎኝ ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ አስሬ ከታች ድረስ ሰደድኩት። አቧራ ብቻ ይዞ ወጣ። ዘመሮ ወጥቼ ኔትወርክ ሳገኝ ለአለቃዬ ደወልኩ።

«ምንጭ ይሆናላ» አለኝ።

«ምንጭ ከሆነ ከሥሩ ያለው አፈር እንዴት ደረቀ?»

«እንግዲያው መሣሪያው ነው።»

«በሌሎቹ ቱቦዎች ልክ ነው።»

«ቁጥሩን ጻፊው፤ ምን ታደርጊዋለሽ» ብሎ ዘጋው።

ጻፍኩት። በየካቲት ለሁለት ቀን የበልግ ዝናብ ጣለና የሁሉም ቱቦዎች የላይኛው ክፍል ከፍ አለ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ወረደ። የሰባተኛው መካከል አልተነቃነቀም። ነገሩን መፍራት የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል። የአፈር ውሃ ይመጣል፣ ይሄዳል። እታች ያለው ነገር አይጠጣም፣ አይደርቅም። ሌላው መሬት ከወር ወር ሲለዋወጥ እሱ እንዳለ ነው። ሰባተኛው ጋ ስደርስ ዘንጉን ቶሎ አውርጄ ቶሎ ማውጣት ለመድኩ።

ይህን ሁሉ ለእማማ እነግራቸው ነበር። ከሥራ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ሰባተኛው ምን አለ ዛሬ?» ይሉኛል። «እንደ ድሮው» እላለሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

በመጋቢት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ ተዳፋቱን ሞላው። ከአሥር እርምጃ ወዲያ ምንም አይታየኝም። እርምጃዬን እየቆጠርኩ ከቱቦ ቱቦ ሄድኩ። ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው። ሃያ አምስት ላይ ስደርስ ፊት ለፊቴ፣ መሬቱ ላይ፣ አንድ ጥቁር ነገር ተጎንብሶ አየሁ። በግ አይደለም። አይነቃነቅም። ቆምኩ። ጉሙ ትንሽ ሲሳሳ እማማ ሆኑ። ተንበርክከው ጆሯቸውን የቱቦው ክዳን ላይ አድርገዋል።

«እማማ! ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

አልደነገጡም። ቀናም አላሉ።

«ዝም ነው የሚለው» አሉ።

«ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አለ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

የሆነ ነገር አለ ብያለሁ እንጂ ማንም አለ አላልኩም። እጃቸውን ይዤ አነሳኋቸው፤ በረዶ ሆነዋል። ዘንጉን ሳወርድ አጠገቤ ቆመው ገመዱ ሲወርድ ይመለከቱ ነበር። ቁጥሩ ወጣ፤ ያው ነው። ልጽፈው ደብተሬን ስገልጥ ግን ዓይኔ ከገጹ አናት ላይ ተተከለ።

ሁልጊዜ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ዘንጉን ከማደሪያ ሳጥኑ ሳላወጣ አንድ ጊዜ አነባለሁ፤ መሣሪያው ደህና መሆኑን የማረጋግጠው በዚያ ነው። ሳጥኑ ኒውትሮኖቹ እንዳያመልጡ ዙሪያውን ወፍራም የፓራፊን ሰም የተሞላ ነው። የዚያን ጠዋት የሳጥን ቁጥር አናቱ ላይ ጽፌዋለሁ። አሁን ከሰባተኛው ቱቦ የወጣው ቁጥር ከእሱ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥር፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር። ሁለቱን ቁጥሮች ወራት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ስጽፋቸው ኖሬ አላስተያየኋቸውም።

ቤት ገባን። ምሳ በልተን እማማ የበግ ጸጉር መፍተል ሲጀምሩ፣

«እማማ፣ እታች ያለው ውሃ አይደለም» አልኳቸው። «ውሃ ቢሆን ይለዋወጥ ነበር። መሣሪያዬ ሰም ውስጥ ሲሆን የሚሰጠኝን ቁጥር ነው የሚሰጠኝ።»

እንዝርቱ ዞሮ ዞሮ ቆመ። አላነሱትም።

«ሰም አልሽ?»

«ሰም የመሰለ ነገር። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ከዚያ፣ አምስት ወር አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ያላነሱትን ባላቸውን አነሱ።

ባላቸው የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ነበሩ። በየዓመቱ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወርደው፣ ንብ የሚያረቡ ሰዎች ለደብሯ የተሳሉትን ሰም ሰብስበው ያመጣሉ። ጧፉ የሚሠራው በዚያ ሰም ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ግን ክረምቱ ሳይወጣ ሰሙ አለቀ። የንግሥ በዓሉ ደግሞ ቀርቧል። የደብሩ ገበዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ ማለት ነው፣ «ሂድና አምጣ» ብለው ላኳቸው። ሄዱ፤ አልተመለሱም። ቆላ ድረስ ሰው ተልኮ ሲጠየቅ፣ «ሰሙን ተሸክሞ ከወጣ ሰነበተ» አሉ ንብ አርቢዎቹ። ከዚያ ወሬ መጣ፦ ሰሙን ሸጦ፣ እዚያው ቆላ ሌላ ሚስት አግብቶ ተቀምጧል። ያየው ሰው አለ።

«የስለት ሰም የሰረቀ ሰው ሚስት ነኝ እኔ» አሉ እማማ። «እንዳላለቅስለት ሞተ ያለኝ የለም። ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው። ልጄን ለመዳር እንኳ ከስንት ደጅ ተመለስኩ።»

«ያን ጊዜ ነው ተዳፋቱ የተናደው?»

«በዚያው ሰሞን ነው። በዚያ ዝናብ ማንም ሰው በመንገዱ አይሄድም ነበርና ሰው አልተጎዳም ተባለ።»

በማግስቱ ጠዋት የአፈር መሰርሰሪያዬን ይዤ ወረድኩ። እማማን አይምጡ ብላቸውም ተከትለውኝ መጡ። ከሰባተኛው ቱቦ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብዬ መሰርሰር ጀመርኩ። አፈሩ ደረቅና ጠንካራ ነበር፤ እያረፍኩ ሠራሁ። አንድ ሜትር ሊሞላ ሲል መሰርሰሪያው በድንገት ቀለለኝ። ሳወጣው ጥርሶቹ መካከል ጠቆር ያለ፣ ቅባት ያለው ነገር ተጣብቋል። በጣቴ ሳሸው በሰውነቴ ሙቀት ለዘበ። ጥቁሩ ሲለቅ ከሥሩ ብጫ ሆነ።

ለእማማ ዘረጋሁላቸው። አፍንጫቸው አጠገብ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔን አፈር አፈር ነበር የሸተተኝ። እሳቸው ግን፣

«የቆላ ማር ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

እዚያው ቱቦው አጠገብ ተቀመጡ። አላለቀሱም። መዳፋቸውን አፈሩ ላይ ዘርግተው፣ የታመመ ሰው ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ቆዩ። እኔ የት እንደምቆም ጠፋኝ። የምቆምበት መሬት ሁሉ የሰው ደረት መሰለኝ።

የደብሩ ገበዝ አሁንም ያኔ ባላቸውን የላኩት ቄስ ነበሩ፤ አርጅተው በምርኩዝ ይሄዳሉ። ቤታቸው ሄጄ ነገሩን ሳስረዳቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«የቤተ ክርስቲያን መሬት ነው። ያለ ፈቃድ አይቆፈርም» አሉኝ።

«አባ፣ እታች ሰም አለ። ምናልባት ሰውም ይኖራል።»

«ማን ነገረሽ? ያ ብረት?»

«አዎ።»

ዞር ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ለቀበሌው አመለከትኩ፣ ቀበሌው ለፖሊስ ነገረ። በሦስተኛው ቀን አራት ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ወረዱ፤ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። መንደሩ በሙሉ ከላይ አፋፉ ላይ ተደርድሮ ያያል። ጉሙ ያን ቀንም ከገደሉ እየተነሳ ስለነበር አንዳንድ ጊዜ እናያቸዋለን፣ አንዳንድ ጊዜ ጉሙ ውስጥ ይጠፋሉ። ሳልና የሕፃን ልቅሶ ብቻ ይሰማል።

ቱቦውን ዙሪያውን ከፈቱት። መጀመሪያ የወጣው ስልቻው ነው። ቆዳው በአብዛኛው በስብሷል፣ ሰሙ ግን የስልቻውን ቅርጽ እንደያዘ ነበር፣ የተሰፋበት መስመር ሳይቀር ታትሞበታል። የእኛ ቱቦ መሐል ለመሐል ሰንጥቆት አልፏል። የቀበሩት ሠራተኞች በዚያ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ልብ ሳይሉት ቀርተው ይሆናል። ከስልቻው ሥር፣ ከቱቦው አንድ መዳፍ በማትሞላ ርቀት ላይ፣ የትከሻ አጥንት ነበር። ሰውየው ሰሙን እንደተሸከመ በግንባሩ ተደፍቷል። ከተሸካሚው ቀድሞ የዘንጌን ኒውትሮን የሚያገኘው ሸክሙ ነበር። ሸክም ባይኖረው ዓመት ሙሉ ባነብ፣ በአጥንቱ አጠገብ እያለፍኩ አላውቅም ነበር።

የመሸከሚያው ገመድ ቁራጭ ወጣ። እማማ ከፖሊሱ እጅ ወስደው አፈሩን አራገፉት።

«የጥቁር በግ ጸጉር ነው። እኔ ነኝ የፈተልኩት» አሉ።

ገበዙ ያን ጊዜ ነው የመጡት። ማንም አልጠራቸውም። ቁልቁለቱን ብቻቸውን ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ወርደው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። ሰሙን አዩ፤ ከሥሩ ያለውን አዩ። እማማ ቀና ብለው ተመለከቷቸው።

«አባ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ቆላ ሲኖር ያየው ሰው ማን ነበር?»

ገበዙ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ስሙን ይንገሩኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ሰው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ‹መንገደኛ ነው› ነው ያሉኝ።»

«ማንም አላየውም» አሉ ገበዙ።

ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዶማቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

«በዚያ ዝናብ የላክሁት እኔ ነኝ። ‹አባ፣ ተዳፋቱ ክፉ ነው፣ ዝናቡ ይለፍ› ብሎኝ ነበር፤ ገሠጽኩት። ሲቀር ሞቷል ብል፣ ገዳዩ እኔ ልሆን ነው። ኮብልሏል አልኩ። አንድ ጊዜ ካልኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

እማማ ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ዞር ብለው ለቆፋሪዎቹ «ቀስ በሉ፣ እግሩ በዚያ በኩል ነው» አሉ። ገበዙ እዚያው ቆመው ቀሩ። አጥንቱ በነጠላ ተጠቅልሎ ሲወጣ ጉሙ ጉድጓዱን ስለሞላው የተሸከሙትን ሰዎች አላየናቸውም፤ ነጩ ነገር ብቻውን ዳገቱን ሲወጣ ነበር የሚታየው።

ፖሊስ ከጻፈ በኋላ ለቀብር ተፈቀደ። ፍትሐቱን ሌሎች ካህናት አደረሱ። ገበዙ ገበዝነቱን ለቀው ነበርና ከቅጥሩ ውጪ፣ ከምዕመኑ ኋላ ቆሙ። እማማ ጥቁር ለበሱ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሐዘን የተቀመጡትን ሴት ሊያጽናና ከየመንደሩ፣ ራቅ ካለው ከቀየት ሳይቀር፣ ሰው መጣ። ድሮ ደጃቸውን የማይረግጡ ሰዎች ጭምር መጥተው አጎንብሰው ተቀመጡ። ስለ ሰሙ ክርክር ተነሳ፤ ግማሹ ሰው ከሟቹ ጋር ይቀበር ሲል፣ እማማ «የስለት ነው፤ ያመጣው ለታቦቱ ነው» ብለው አስቆሟቸው። ጧፍ ተሠራበት። አንዱን ሲያበሩት አየሁ፤ አፈር ስላለበት እየተንጣጣ፣ ጥቁር ጭስ እያወጣ ነደደ።

እኔ ሥራዬን እስከ ሰኔ ቀጠልኩ። ጉድጓዱ ተሞልቶ ሰባተኛው ቱቦ እንደገና ሲቀበር ቁጥሩ እንደ ሌሎቹ ሆነ፤ ዝናብ ሲጥል ከፍ፣ ሲያቆም ዝቅ። ይህ ያረጋጋኛል ብዬ ነበር። አላረጋጋኝም። በሌሎቹ አሥራ አንድ ቱቦዎች ሥር ምን እንዳለ የማውቀው መሣሪያው ሊቆጥርልኝ የቻለውን ብቻ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ በሌሎች ተዳፋቶች ላይም ለክቻለሁ። ዘንጉ ወርዶ ቁጥሩ እስኪወጣ ያለችው አንዲት ደቂቃ ድሮ የምዛጋባት ነበረች። አሁን ትንፋሼን እይዛለሁ።

የሰበሰብኩት ልኬት ተዳፋቱ ገና እንደሚናድ ስላሳየ ከአፋፉ ያሉት ጥቂት ቤቶች እንዲነሱ ተወሰነ፤ የእማማም አንዱ ነው። ልጃቸው ዘመሮ ልትወስዳቸው መጣች፣ እኔም ዕቃ ላግዝ ሄድኩ። የሱፍ ባናቸውንና ወፍጮአቸውን ጭነን ስንጨርስ እማማ የሉም። ወደ ምንጩ በሚወርደው ጥርጊያ መንገድ ላይ፣ ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

«እማማ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው።»

«እዚህ ጋ ስደርስ እንስራው ይከብደኝ ነበር» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመሬቱ ሳያነሱ። «ሁልጊዜ እዚህ ጋ አወርደውና አርፋለሁ። ሳርፍ ደግሞ እሱ ትዝ ይለኛል፤ እረግመዋለሁ። ‹የትም ቅር፣ አፈር ብላ› እለዋለሁ። ሃያ ዓመት፣ በቀን ሁለት ጊዜ። አናቱ ላይ ቆሜ።»

ክንዳቸውን ይዤ ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን።